የአፈሩ ከተማና አማቴ

ካሆኪያ የሚባል ከተማ አይቼ መጣሁ ስል፣ በሥራ ቦታ የሰማኝ ሁሉ "ሆቴሉ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከተማው ሆቴል የለውም። ሰውም የለውም። ሰዉ ጥሎት ከሄደ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ያለው አፈር ነው፤ በሰው እጅ ተቆልሎ ሣር የለበሰ አፈር። ያውም እዚህ ኦሃዮ ውስጥ አይደለም። ከኮሎምበስ ወደ ምዕራብ ኢንዲያናን አቋርጦ፣ ኢሊኖይን ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ፣ ሴንት ሉዊስ ሊደረስ ሲል ነው። ይህን ያህል መንገድ አፈር ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ስለማይኖር፣ ያየሁትን ለማይሄዱት ልጻፍላቸው ብዬ ነው።

የሄድኩት ከአማቴ ከጋሼ ደምሴ ጋር ነው። ጋሼ ደምሴ የባለቤቴ የኤልያስ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። በመጋቢት ለስድስት ወር በቱሪስት ቪዛ መጡና ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ባለችው ባለሁለት መኝታ አፓርታማችን ከእኛ ጋር ተቀመጡ። የልጄን የሜላትን ክፍል ለቀቅንላቸው፤ እሷ እኛ ጋ ገባች። ኤልያስ ከግሮቭፖርት እየተነሳ ረጅም መንገድ ትራክ ይነዳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ ትልቅ ነገር ነው። እኔ እዚያው ግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ነኝ። ስመለስ ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውን፣ ልብሳቸውን የማየው እኔው ነኝ።

ኤልያስ አባቱ እዚሁ እንዲቀሩ ይፈልጋል። የግሪን ካርዱን ፎርም ሞልቶ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠላቸው ሰነባበተ። የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነው። እሳቸው ግን "እናያለን" ይላሉ። አራት ወር ሙሉ "እናያለን" አሉ። በሐምሌ ኤልያስ አንድ ርካሽ የባስ ጉዞ አገኘ፤ ሦስት ቀን፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ወደ ጥንታዊ የፈረሰ ከተማ።

"ውሰጂያቸው" አለኝ። "ቤት ተዘግቶባቸው ነው። አገሩን ሲያዩ ሆዳቸው ይረጋል። ስለ ፎርሙም አንቺ አናግሪያቸው፤ አንቺን ይሰሙሻል።"

እኔን የሰሙበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሆኖም ፈቃድ ወሰድኩ።

ዓርብ

ባሱ የተነሳው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ነው። ተሳፋሪው አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ ነው። አስጎብኚያችን ኬቨን የሚባል፣ በጡረታ የተገለለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የስም ዝርዝሩን እንደ ክፍል አለቃ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞ ይዞራል። ጋሼ ደምሴ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው መስኮት በኩል ተቀመጡ። የቀረው ሰው ቁምጣ ለብሷል።

ስለ መንገዱ የምለው ብዙ የለም። በቆሎ ነው። ኦሃዮ ላይ በቆሎ፣ ኢንዲያና ላይ በቆሎ፣ መሃል መሃል ላይ አኩሪ አተር። መንገዱ ሳይታጠፍ ሰዓት ሙሉ ይሄዳል። ጋሼ ደምሴ ሁለት ሰዓት ያህል በመስኮት ካዩ በኋላ፣

"እዚህ አገር ቀያሽ ምን ሥራ አለው?" አሉ። "ክር ወጥሮ መሄድ ነው እንጂ።"

ወጣት ሳሉ ዓባይ በረሃ ውስጥ አንዲት ኩርባ ለመቀየስ አሥራ አንድ ቀን እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። በአራት ወር ውስጥ ሳልጠይቃቸው የነገሩኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ምሳ በሣጥን ታደለን። ስንከፍተው ተርኪ የሚሉት የትልቅ ዶሮ ሥጋና አይብ በዳቦ ሆነ። ዓርብ መሆኑን እኔም ረስቼው ነበር፤ እሳቸው ግን አይረሱም። ሥጋውንና አይቡን በሶፍት ጠቅልለው አስቀመጡና ደረቁን ዳቦ መብላት ጀመሩ። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ታያቸው ነበር።

"አመማቸው እንዴ?" አለችኝ።

"የለም፣ ጾም ነው። ዛሬ ሥጋና ወተት አይበሉም።"

ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ከቦርሳዋ በፎይል የተጠቀለለ ስኳር ድንች አወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ገና ለብ ይላል። ግሎሪያ ትባላለች። ሰባ ዓመት አልፏታል። ኮሎምበስ ውስጥ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባል ሰፈር ተወልዳ እዚያው ያረጀች፣ ዕድሜዋን የትምህርት ቤት ባስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። በእኛ ደንብ እትዬ ልላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን "ግሎሪያ በይኝ፣ ሌላው ያስረጀኛል" አለችኝ። ጋሼ ደምሴ ድንቹን ልጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሷት።

"እትዬ ግሎሪያን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ" አሉኝ። እሳቸው እትዬ ማለቱን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

ማታ ሞቴሉ ስንደርስ ችግር ተፈጠረ። አስጎብኚ ድርጅቱ ለእኔና ለጋሼ ደምሴ የያዘው አንድ ክፍል ነው። ኬቨን ዝርዝሩን እያየ፣

"ሁለት አልጋ አለው፤ ቤተሰብ አይደላችሁ?" አለኝ።

ቤተሰብ ነን። ግን አማትና ምራት አንድ ክፍል ማደር ለምን እንደማይሆን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ጀመርኩና ግማሹ ላይ ተውኩት። ሌላ ክፍል የለም፤ ሞቴሉ ሞልቷል። ጋሼ ደምሴ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ትንሿን ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ሎቢው ሶፋ ሄደው ቁጭ አሉ። እዚያው ሊያድሩ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ግሎሪያ ከኋላዬ። ነገርኳት። "ታዲያ እኔ ጋ ሁለት አልጋ አለ። አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ፤ ፓፓ ክፍሉን ይውሰዱ። ይህ ምኑ ይከብዳል?"

ከባድ አልነበረም። በእንግዳ ሴት ክፍል ሳድር የመጀመሪያዬ ነው። ግሎሪያ እስክትተኛ ስለ ልጆቿ አወራችልኝ። ከተኛች በኋላ ደግሞ አንኮራፋች።

ቅዳሜ

ኢሊኖይ ሲገባ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የጋሼ ደምሴ የእጅ ሰዓት ግን ኮሎምበስ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራቸውን ባንኳኳ መልስ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ። የሞቴሉ ሠራተኛ መጥቶ ሲከፍትልኝ አልጋው ተነጥፏል፤ እሳቸው የሉም። ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።

ሎቢው ውስጥ ነበሩ። ከአንዲት ሳሪ ከለበሱ አሮጊት ጋር ትንሽ ጠረጴዛ ከበው ሻይ ይጠጣሉ። አሮጊቷ የሞቴሉ ባለቤት እናት ናቸው፤ ከሕንድ የመጡ፣ እንግሊዝኛም እምብዛም የማያውቁ። ጋሼ ደምሴ በራሳቸው ሰዓት ሲነጋ ወርደው ቁርስ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኙት ቆመው ቀሩ። አሮጊቷ አዩዋቸውና ዝንጅብል በዝቶበት ከወተት ጋር የተፈላ ሻይ አምጥተው አብረዋቸው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፎቶ ተቀምጧል፤ አንዱ የጋሼ ደምሴ ባለቤት የነበሩት የእትዬ አስካለ ነው፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለተኛው የአሮጊቷ ባል መሆኑ ነው፣ ጺማም ሽማግሌ። አሮጊቷ በጣታቸው ወደ ሰማይ ያሳያሉ፤ ጋሼ ደምሴም ወደ ሰማይ ያሳያሉ። ከዚያ አሮጊቷ የፎቶውን ሰውዬ ማንኮራፋት በአፍንጫቸው አስመሰሉና ሁለቱም ሳቁ።

ጋሼ ደምሴ በእኔ ቤት እንዲያ ስቀው አያውቁም። ይህን ያሰብኩት እዚያው ቆሜ ነው።

ከሞቴሉ ካሆኪያ ቅርብ ነው። ባሱ ሲቆም ጋሼ ደምሴ ወርደው ዙሪያውን አዩ። ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ሣር የለበሱ ጉብታዎች አሉ። መካከል ላይ አንድ ትልቅ፣ አናቱ የተደለደለ ኮረብታ።

"ከተማው የታለ?" አሉኝ።

ተርጉሜ ኬቨንን ጠየቅኩት። ይሄው ነው አለ። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሜዳ በቤት ተሞልቶ ነበር፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ኖሮበታል፤ ቤቱ ከእንጨትና ከሣር ስለነበር በስብሶ ጠፋ። የቀረው ጉብታው ነው። ጉብታውን ሰዎች በቅርጫት አፈር እየተሸከሙ ቆለሉት። ፈረስም፣ ጋሪም አልነበራቸውም። ለምን ጥለውት እንደሄዱ በእርግጥ የሚያውቅ የለም።

እኛ አገር የጥንት ከተማ ሲባል ድንጋይ ነው፤ ሐውልት አለ፣ ግንብ አለ፣ ቢያንስ የፈረሰ ካብ አለ። እዚህ አንድ ጠጠር የለም። ከተሳፋሪው ግማሹ ቅር እንዳለው ከፊቱ ያስታውቃል። ጋሼ ደምሴ ግን ጎንበስ ብለው ሣሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አፈሩን አሹት።

"ባሬላ እንኳ አልነበራቸውም?" አሉ።

ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚሸከሙት የአፈር ማጓጓዣ ነው። እሳቸው ቀያሽ ከመሆናቸው በፊት የመንገድ ሥራ የጀመሩት በባሬላ ተሸካሚነት መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ኬቨንን አላስቀመጡትም። አፈሩ ከየት ተቆፈረ? ኬቨን ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አሳያቸው። ሜዳው እንዲህ የተስተካከለው በተፈጥሮ ነው? አይደለም፤ ጎርበጥባጣው ቦታ በእጅ ተሞልቶ ነው። ትልቁ ኮረብታ ወገቡ ላይ ለምን ጎበጠ?

"ውሃ ውስጡ ገብቶ ነው በይው" አሉኝ መልስ ሳይጠብቁ። "ያበጠ አፈር ነው። ይንሸራተታል።"

ስነግረው ኬቨን ቀና ብሎ አያቸው። "አባትሽ መሐንዲስ ናቸው?" አለኝ። ጎኑ በእርግጥም ከዚህ ቀደም ተንሸራቶ ያውቃል፤ የሚጠብቁት ሰዎችም የሚቸገሩት በዚሁ ነው። አባቴ ሳይሆኑ አማቴ ናቸው ልል ብዬ ተውኩት።

የትልቁን ኮረብታ ደረጃ ወጣን። ደረጃ ልቆጥር ጀምሬ መቶ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። እሳቸው ሱፋቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ቀደሙኝ። ከላይ ነፋስ አለ። በስተምዕራብ የሴንት ሉዊስ ፎቆች፣ ከእነሱም መካከል የከተማዋ ምልክት የሆነው ትልቅ የብረት ቅስት በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ከእግራችን ሥር ደግሞ የመኪና መንገድ ጥንታዊውን ከተማ ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ጋሼ ደምሴ መንገዱን ብዙ አዩት።

"መሃል ለመሃል ነው ያሳለፉት" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "እኔም አሳልፌያለሁ። መቃብር ላይ። ካርታው ላይ ባዶ ነበር። ሰዎቹ መጥተው አለቀሱ፤ እኔ ካርታውን አሳየኋቸው።"

ኤልያስ የላከኝን ነገር ላንሳ አልኩና፣

"ጋሼ፣ ስለ ፎርሙ ግን…" ስል፣

"እናያለን" አሉ።

ከምሳ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ነፃ ጊዜ ተሰጠን። እሳቸው ልዙር ብለው ሄዱ፤ እኔና ግሎሪያ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ባሱ ውስጥ ገባ። ጋሼ ደምሴ የሉም። ሰዓታቸው በአንድ ሰዓት የሚቀድም ስለሆነ ቀድመው መገኘት ነበረባቸው። ስምንት ከሩብ ሆነ። ስልክ አይዙም። ሾፌሩ ፕሮግራም አለብኝ ይላል፤ ከፊት የተቀመጠ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ "ለአንድ ሰው ብለን ሁላችንም በዚህ ሙቀት ልንቀቀል ነው?" አለ። ግሎሪያ ተነስታ በሩ ደረጃ ላይ ቆመች።

"እኔ ሠላሳ ዓመት ባስ ነድቻለሁ" አለች። "ሰው ጎድሎ ባስ አይነሳም። ሂጂ ፈልጊያቸው፤ እኔ ከዚህ ፈቀቅ አልልም።"

ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። በጉብታዎቹ መካከል እየጮህኩ ሮጥኩ። የጉድጓዱን ውሃ ሳይ ለኤልያስ ምን ብዬ እንደምነግረው በልቤ ቃላት መደርደር ጀመርኩ። ትልቁን ኮረብታ ዞሬ ከጀርባው ስደርስ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአንድ እግራቸው ጫማ ወልቋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ያበጠውን አፈር ከቅርብ ላየው ብለው እርጥብ ሣር አንሸራቷቸው ነው።

"ብጮህም የሚሰማ አልነበረም" አሉኝ። "የመኪናው ድምፅ ነው።"

ግሎሪያ የባሱን በር ይዛ እንደቆመች ነግሬያቸው፣ አምቡላንስ ልጥራ ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ። ክንዳቸውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አነሳኋቸው። ቀጭን ናቸው ብዬ ነበር፤ ግን የሰው ክብደት የሚታወቀው ሲደገፍ ነው። አሥር እርምጃ እንሄዳለን፣ እንቆማለን። አሥር እርምጃ፣ እንቆማለን።

"ከበድኩሽ" አሉ።

"የለም ጋሼ።"

"ከበድኩሽ እንጂ። ለእህትሽ በስልክ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።"

ቆምኩ። ምን እንዳልኩ አስታወስኩ። በግንቦት ነው፤ አሥር ሰዓት ቆሜ ሠርቼ መጥቼ፣ ወጥ እያማሰልኩ፣ ለእህቴ "እስኪሄዱ ቀን እየቆጠርኩ ነው፤ ኤልያስ አስቀርቷቸው እኔን ሊቀብረኝ ነው" ብያታለሁ። አላልኩም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ክንዳቸው ትከሻዬ ላይ ነው፤ ፊታቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

"ብያለሁ" አልኩ። "ይቅር ይበሉኝ። ደክሞኝ ነበር።"

"ያን ለታ አንቺ የተናገርሽ አልመሰለኝም። አስካለ መሰለችኝ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እናቴ አልጋ ላይ ወድቃ አራት ዓመት እኛ ቤት ተኝታለች። እኔ መንገድ ካምፕ ነኝ፤ በሦስት ወር አንዴ እመጣለሁ። ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት አስካለ ናት። አንድ ቀን ደክሞሻል ወይ አላልኳትም። እሷም አልነገረችኝም። አንቺ ስትናገሪ ስሰማ፣ አስካለ ይህን ለማን ነግራው ይሆን አልኩ። እንዳንቺ እሷም ቢያንስ እህት ነበረቻት።"

ይህን ብለው ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ። አላለቀሱም። "በይ እንሂድ፤ እትዬ ግሎሪያ በር ይዘው ቆመዋል" አሉ።

ጥቂት እንደሄድን ሣር የሚያጭድ አንድ ሠራተኛ አየንና ትንሽ ጋሪ መሰል መኪና ይዞ መጣ። ከኋላ አስቀምጦ ባሱ ድረስ አደረሰን። ግሎሪያ አሁንም በሩ ላይ ነበረች። ባለመነጽሩ ሰውዬ እግራቸውን ሲያይ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ከማቀዝቀዣ ሣጥኑ በረዶ ያወጣውም እሱ ነው።

እሑድ

ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ ጋሼ ደምሴ እግራቸውን ሁለት ወንበር ላይ ዘርግተው፣ በቆሎውን በሌላው በኩል አዩት። ከመነሳታችን በፊት የሞቴሉ አሮጊት ቢጫ ቅባት አምጥተው ቁርጭምጭሚታቸውን በገዛ እጃቸው አሽተው በጨርቅ አስረውላቸዋል። ሽታው ባሱን ሞልቶት ዋለ፤ የተናገረ ግን የለም።

ኢንዲያናፖሊስን ስናልፍ፣ "አልፈርምም" አሉኝ። "ባትናገሪውም አልፈርምም ነበር። ያልሽውን ለኤልያስ አልነግረውም፤ አንቺም አትንገሪው።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

"እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ ነው" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፓርኪንጉ ስንደርስ ኤልያስና ሜላት ቆመው ይጠብቁናል። ግሎሪያ ጋሼ ደምሴን ደግፋ አወረደቻቸው፤ ባርኔጣቸውን አንስተው ተሰናበቷት። ኤልያስ እግራቸውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቤት ድረስ ደግፎ አስገባቸው። ሜላት አያቷን "ዳዝ ኢት ኸርት? ያምዎታል?" እያለች ሶፋው ላይ ትራስ ደረደረችላቸው። እኔና ኤልያስ ኩሽና ገባን፤ በር የለውም፣ ሁሉም ይሰማል።

"ፈረሙ?" አለኝ።

"አይፈርሙም።" ከዚያ በስልክ ያልኩትን፣ እንዳልኩት፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት።

"አባቴን?" አለ። "በገዛ ልጃቸው ቤት?" ድምፁ ከፍ አለ። "አናግሪያቸው አልኩሽ እንጂ አባሪያቸው አልኩሽ?"

"ኤልያስ" አሉ ጋሼ ደምሴ ከሳሎን። "ና ወዲህ።"

ሄደ። እኔ ኩሽናው አፍ ላይ ቆምኩ።

"አያትህ በታመመች ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?"

"ሥራ ላይ ነበሩ።"

"አንተስ ከመጋቢት ወዲህ የት ነህ?"

ሜላት አንዴ አባቷን፣ አንዴ አያቷን አየች። ኤልያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሥራ ላይ" አለ።

"በል። እሷን ለቀቅ አድርጋት።"

ያን ማታ ሌላ ነገር አልተባለም። ኤልያስ ለሦስት ቀን ያህል አኮረፈኝ፤ ኩርፊያው በእኔ ይሁን በራሱ አላወቅኩም። በሳምንቱ ግን የረጅሙን መንገድ ትቶ እዚሁ ከተማ ውስጥ ወደሚነዳበት ሥራ መዛወር ጠየቀ። ገቢው አነሰ፤ ማታ ማታ ግን ቤት አለ። የአባቱን እግር የሚያጥበው እሱ ሆነ። ፎርሙን ከጠረጴዛው ላይ መቼ እንዳነሳው አላየሁም።

ጋሼ ደምሴ በነሐሴ መጨረሻ ተመለሱ። በደረሱ በሁለተኛው ቀን ደወሉና ከኤልያስ ጋር ተነጋግረው ሲጨርሱ እኔን አቅርባት አሉት። ስለ እግራቸው ጠየቅኳቸው፤ ደኅና ነው አሉ። ሜላት ስትጠይቅ እንደምትውል ነገርኳቸው። ከዚያ ሳላስበው፣

"ጋሼ፣ ለከርሞ ይምጡልን" አልኩ። ስናገረው ከልቤ መሆኑን ያወቅኩት ከተናገርኩት በኋላ ነው።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"እመጣለሁ" አሉ። "ግን ሦስት ወር ይበቃል። ስድስት ወር ለአንቺም ለእኔም ይበዛል።"